ለዮታም፣ ስለ ስኪው ሆድ

ጠጠሩ ላይ አታሳርፈው፤ ሁለት ሳንቃ አምጣ፣
ከበሩ ጀርባ አለ፣ ቀለሙ የነጣ።
የሮሽ ፒና ድንጋይ ጥቁር ነው፣ ጥርሳም ነው፤
እሳተ ገሞራ ተፍቶ የረሳው ነው።
አውሮፕላኗማ ያችት፣ ጎማዋን ተጫምታ
በጋ ትከርማለች፣ ስኪዋን ለኛ ትታ።
የካውካሰስን ተራራ፣ ክረምቱን ተሻግሮ፣
እዚህ መሐናይም ሜዳ በሰኔ ሐሩር ተጭሮ
ቢበላሽ፣ ለሻልቫ ምን ብለን እንነግረው?
"በረዶው ምሮት ነበር፣ እኛ ነን የፈጀነው"?

ገልብጠው። ቀስ በል። ሆዱን ወደ ሰማይ።
መብራቱን አስጠጋና ጎንበስ ብለህ እይ።

ይህ ረጅም ጭረት፣ ቀጥ ብሎ የሄደው፣
ስስ በረዶ ለብሶ የተኛ አለት ነው።
ይህ የሻከረው፣ ቀን ቀልጦ ሌሊት የጠና
የመጋቢት ግግር ሞርዶት ነውና።
ይህች ብሎን ደግሞ አንገቷን አውጥታ
በረዶ ስትጭር ከርማለች፣ ሻልቫን አዘግይታ።

"እንዴት አወቅህ?" አልከኝ።
እኔ በረዶን የማውቀው ከሥሩ ነው።
አንዴ ብቻ፣ ለሚሉኢም ተጠርቼ፣ አርሞንኤም ላይ ወጣሁ፤
ጭጋግ ነበር፣ ከጫማዬ አፍንጫ ወዲያ ምንም አላየሁ።
የቀረውን ከዚህ ጥቁር ሰሌዳ ለቀምኩ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በጣቴ እያነበብኩ።

አባቴ ወገራ ላይ ማረሻ ይቀጠቅጥ ነበር።
ቀን "ቡዳ" ያለው ሰው፣ ዝናም ሲያጉረመርም
የደነዘ ብረቱን በጋቢው ሸሽጎ በማታ ይመጣል።
አባቴ ይቀበላል። ወደ ፍሙ አስጠግቶ ያገላብጣል።
"ከወንዙ ወዲህ ያለው መሬትህ ጭንጫ ነው" ይለዋል።
ሰውዬው ይደነግጣል፤
እርሻውን የት አይቶት?
በዚህም በዚያም ፈሩት።
አስማት መሰላቸው፣
ንባብ ነበር እንጂ።

በል ወደ ሥራችን። የድሮውን ሰም ፋቀው፣
በእንጨቱ መፋቂያ፤ ብረት እንዳታስነካው።
ጥቁሩን ፕላስቲክ ለኩስና ጭረቱ ውስጥ አንጠባጥብ፤
አትቸኩል፣ ይብረድ፣ ከዚያ ላገው፤ ጠርዙ ላይ ልብ በል፣ ልብ።
ብሎኖቹን ወደ ጉድጓዳቸው መልስ።
ጣትህ ከጫፍ እስከ ጫፍ አልፋ
ምንም ካልነገረችህ፣ ያኔ ሰሙን በካውያ አቅልጠህ አጠጣው።
ጨርቁንም አልብሰው፤ የዚህ አገር ፀሐይ
ከበረዶ ይልቅ ታደርቃለች።
ሻልቫ እዚያ ላይ ሲያድር ከሥሩ የጥድ ቅርንጫፍ ያነጥፋል፣
አለዚያ ውርጩ ይዞት ያድራል፤
ጠዋት ሞተር ቢያጓራ፣ ንቅንቅ የለም።

ቆይ። መብራቱን መልሰው። ወደ ተረከዙ።
ይህን አየኸው? ጭረቶቹ ሁሉ ወደ ግራ ተጠማዘዙ።
አምና አልነበረም።
ካቻምናም አልነበረም።
ንፋስ አንዴ ይገፋል፣ ሁለቴ ይገፋል፤
ይህ ግን ክረምቱን ሙሉ፣ ባረፈ ቁጥር፣ በአንድ በኩል...
ባለፈው ሳምንት ሻይ ስቀዳለት
ብርጭቆውን ፈልጎ ጣቱ አየር ዳሰሰ፣
ሳቀና "መሸ እኮ" አለኝ።
አልመሸም ነበር።

ይህችን አትሙላት። እንዳለች ትቆይ።
ሐሙስ ይመጣል። ልክ እንዳንተ
ጎንበስ ብሎ በጣቱ እንዲያነባት አደርጋለሁ፤
ዝም ካለ፣ እኔ እነግረዋለሁ።
ቡዳ ይበለኝ።

አሁን ያንን ጫፍ ያዝ። ወደ ሳንቃው።
ቀስ።