ሞቅታ

ሁለት መቶ አርባ ናቸው፣ አንድ በአንድ ለቀምኩኝ፣
ከአልጋ ሥር፣ ከበረት፣ ከበረዶ ቆፈርኩኝ፤
ኤሴንጉል ጠጥቶ የጣላቸው ጣሳ፣
እሱ ሞቶ እንኳን ከጓሮዬ ያልተነሳ።

ናሪን ላይ ውርጩ ወንዙን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤
ምድጃው ጡረታዬን በከሰል መልክ በልቶ፣ ገና ይርበዋል።

ሃያ ስምንት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ፣
«ጥቁር ብርሃን ይውጣል» እያልኩ ተናግሬ፣
ቤቴ ግን ካፖርቴ ከላዬ አይወርድም ነበር፣
ትምህርቱ ከሰሌዳ ወደ ግድግዳ እስኪሻገር።

ጀመርኩት።
የጣሳውን ቂጥ በሚስማር ነደልኩት፣
አንዱን ባንዱ ላይ እንደ ዋሽንት አቆምኩት፤
የምድጃ ጥቁር ቀለም ቀባኋቸው፣
ከፈረሰው ትምህርት ቤት ባመጣሁት መስኮት ከደንኳቸው።

በመጀመሪያው ቀን ማጣበቂያው ቀልጦ ጣሳው ለቀቀ፤
«ኤሴንጉል» አለች ዣርኪናይ በአጥሩ በላይ፣ «ዛሬም ሰክሮ ወደቀ!»

በሦስተኛው፣ ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት፣
በግድግዳው ቀዳዳ እጄን ሰደድኩት።
ትንፋሽ።
ለብ ያለ፣ ደረቅ፣ ትንሽ የቢራ ሽታ ያለበት።
ቴርሞሜትሩን አየሁ፤ አርባ አንድ።
መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አየሁት።

ሰውዬው ሲጠጣ ሞቅታው የብቻው ነበር፣
የእኔ ድርሻ ብርዱን ይዞ በር ሲጠብቁ ማደር።
ይኸው ዛሬ ጣሳው፣ ያ ያለ እኔ የተጠጣ፣
በቱቦ ሞቅታ ይዞ ዕዳ ሊከፍል መጣ።

ይቅር አላልኩትም። ፀሐይ ስትጠልቅ ቱቦው ይበርዳል፤
እሱም እንዲያው ነበር፣ ሲመሽ ይሰወራል።
ግን ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ፣ ሰማዩ ከጠራ፣
ካፖርቴን ሰቅዬ እቀመጣለሁ፣
ድንች እየላጥኩ፣ ከጣሳዎቹ ጋራ።