አምስተኛው ዙር

ከብራህማፑትራ ዳር፣ ጆርሃት አውራጃ ውስጥ፣
ጣሪያው በሚያፈስስ፣ መብራት በሚቋረጥ
ቤተ ሙከራ ነው ነገሩ ሲጀመር፤
ታሩላታ ፔጉ ብልቃጥ ታጥብ ነበር።
ሃያ ሁለት ዓመት ብልቃጥ አጥባለች፣
የስንት ምሁር ስህተት ፈግፍጋ አጥፍታለች፤
ስሟን የሚያውቀው ግን ዘበኛው ብቻ ነው።

እኔ ባለ ጋውኑ፣ እኔ ባለ ተስፋው፣
በመርከብ የመጣ ባለ ማኅተም ዱቄት
በግራም ለክቼ ባዋህደው ከዘይት፣
ነዳጅ አገኝ ብዬ፣
አረፋ ታቀፍኩኝ፣ ሳሙና አብስዬ።

ዘይቱም ዘይት አይደል፤ ኒማቲ ወደብ ላይ
ዲምቤሽዋር ፓኮራ የጠበሰበት ነው፣
ሳምንት ተመላልሶ ከሰል የመሰለው፤
«ውሰዱልኝ» አለን፣ «ወንዝ ላይ ብደፋው
ዓሣው ይታዘበኛል።»

በማግስቱ ጠዋት ቆርቆሮ ታቅፋ
ታሩላታ መጣች፤ ክዳኑን ከፈተች፤
አመድ ነው የያዘች።
«የቢም ኮል ልጣጭ ነው፣ የዚያ የፍሬ ሙዝ፣
ዘሩ ጥርስ የሚሰብር።
እናቴ አድርቃ፣ አቃጥላ፣ ውሃ አንጠባጥባበት
የወረደውን በቅል ታጠራቅም ነበር፤
ዓሣ ትሠራበት፣ ጸጉራችንን ታጥብ ነበር።
ቅመሰው፤ ምላስ ይለበልባል፤
ያንተም ዱቄት፣ ጓንት ሲቀደድ፣ እንዲሁ ይለበልባል።»

ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የማፍርበት ሳቅ።
ዶክተር ቦርኮታኪ ግን መነጽሩን ሲወለውል
«እስቲ ሞክረው» አለ፣ «ለአመድ ቀረጥ አይከፈል።»

ሰባት መቶ ዲግሪ፣ አራት ሰዓት እቶን፤
ጥቁሩ ነጣና ዱቄት መሰለን።
ሜታኖል ጨመርን፤ ስድሳ አምስት ሙቀት፤
ማማሰያው ዞረ አንድ ሙሉ ሰዓት።
ከዚያ ዝም። ታሩላታ ፎጣዋን ጨብጣ ቆመች።
ጠርሙሱ ውስጥ ዓለም ለሁለት ተከፈለች፤
ከታች ግሊሰሪኑ እንደ ደለል ከብዶ፣
ከላይ ቢጫ ነዳጅ፣ ጠርቶ፣ ብርሃን ወልዶ።
አመድ በዱቄት ሳቀ ቢሉ ለፌዝ ነበር ተረቱ፤
ያን ቀን ግን ሳቀበት፣ ሳቀበት በእውነቱ።

ሙኩንዳ የማጁሊ ጀልባው ላይ ሞላው፤
ሞተሩ ሁለቴ ሳለና ሄደ፤
ጭሱ ፓኮራ ፓኮራ ቢሸት፣
ተሳፋሪው ሁሉ ቁርሱን አስታወሰ፣
አንዱ ቄስ መሳይ ሽማግሌ ጾሙን ረገመ።

ጽሑፌ ታተመ። ስሜ ከላይ ዋለ፤
የዶክተሩም ስም ተከትሎኝ አለ፤
ታሩላታ የለችም፤
ብቻ መጨረሻ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«የቤተ ሙከራውን ሠራተኞች እናመሰግናለን» ይላል።
ውለታው የተረሳ አመድ አፋሽ ይባላል፤
አመድ የሰጠስ ሰው፣ እሱ ምን ይባላል?

በዚያው ጽሑፍ ደግሞ፣ ገጽ ሁለት፣ ብያለሁ፦
«ካታሊስት ማለት ሌላውን ለውጦ
እሱ እንደ ነበረ የሚገኝ ነው፣ ከታች ተቀምጦ።»
ስለዚህ አጠለልነው፣ አጠብነው፣ አደረቅነው፣
ለሁለተኛ ዙር መልሰን አሠራነው።
ዘጠና ስድስት በመቶ። ሦስተኛው ዘጠና።
አራተኛው ሰባ አንድ።
አምስተኛው ዙር ላይ ዘይቱ ዘይት ሆኖ ቀረ፤
አመዱ መልኩ ያው፣ ልስላሴው ያው ነበረ፤
ፖታሽየሙ ግን በየዙሩ፣ ጥቂት በጥቂት፣
ከግሊሰሪኑ ጋር ሹልክ ብሎ ወጥቷል፣ ማንም ሳያይበት።
አይጎድልም ያልኩት ሲጎድል ነበር፤
አልጮኸም እንጂ።

ቀና ብል፣ ታሩላታ ብልቃጥ ታጥባለች።
እጇን አየሁት፤
የጣቷ ጫፍ ልሙጥ ነው፣ አሻራ የለውም፤
ኮሌጁ በር ላይ የተከሉት የጣት ማሽን
ለምን በየጠዋቱ እንደማይቀበላት
ያኔ ገባኝ።
«ምን ያስተክዝሃል?» አለችኝ፣ «ሌላ ልጣጭ አቃጥል፤
ሙዝ እንደሁ ሞልቷል።»

ሁለተኛ ጽሑፍ ጀመርኩኝ ያን ማታ፤
ከሁሉ በፊት ስሟን፤ ፔጉ፣ ታሩላታ።
ሄጄ ባሳያት «ይከፈልበታል?» አለች።
«አይከፈልበትም።»
«እንግዲያ ከኋላ አድርገኝ» ብላ ጃንጥላዋን ፈለገች፣
«ጀልባው ያመልጠኛል።»
ከወንዙ በኩል የሙኩንዳ ሞተር ሲያስል ይሰማል፤
ነፋሱ ፓኮራ ፓኮራ ይሸታል።