ቁንጥጫ

ሙረኽ፣ ሸርጣን አጥማጁ፣ ባሕር ላይ ኖሮ፣
ሌባ ጣቱን ለአንዱ ሸርጣን ገብሮ፣
ወደ አባቱ በጎች ተመለሰ ዞሮ።

አገሩ
በስኮትላንድ ምዕራብ፣ ነፋስ ዛፍ የነሳት፣
ጥቁር ረግረጓን ዝናብ የማይረሳት
ጠፍጣፋ ደሴት ናት።

ግልገል ተወለደ በሚያዝያ ማለዳ፤
ዐይኑ ንቁ፣ ድምፁ ጥሩ፣ ወገቡ ግን ከዳ።
ተነሣ፣ ወደቀ። ተነሣ፣ ወደቀ።
ከእናቱ ጡት ሥር በስንዝር እየራቀ።
ሁለተኛውም እንዲያ፣ ሦስተኛውም፤
ከዚያ በኋላ ሙረኽ አልቆጠረም።

«ሳሩ እስከ ጉልበት ነው፤ ምን ጎደለባቸው?»
«መዳብ» አለች ኢሽቤል፣ ደም መርምራላቸው፣
የከብት ሐኪሟ።
«መዳብማ ጨዉ ላይ አለ! ደረሰኙ ይኸው!»
«አለ። ግን ብቻውን፣ ያለ አጃቢ ነው።
ሞሊብደነም ከረግረጉ ሳር ጋር ዘልቆ፣
ከድኝ ጋር ተማክሮ፣ ጨጓራ ውስጥ ሸምቆ፣
መዳብህን ይዞ በበጠጥ ይወጣል ነጥቆ።

ይኼኛው ግን» አለችና ፈታች ከረጢት፣
አረንጓዴ ነገር፣ ልክ እንደ ዱቄት፣
«መዳቡን አሚኖ አሲድ ግራ ቀኝ ጨብጦታል፤
ስሙን ከጥንት ግሪክኛ አምጥተው ኪሌት ብለውታል፤
የሸርጣን ቁንጥጫ እንደማለት ነው።»

ሙረኽ ጉማጅ ጣቱን አየ።
ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነና ቆየ።
«ሸርጣን መች ይለቃል፣ አንዴ ከጨመደደ?»
«ሲደርስ ይለቃል። ሥራው ይኸው ነው፤
እስኪደርስ አለመልቀቅ።

ማንኪያ ግን እንዳትነካ!
በግ መዳብ ሲበዛባት ዝም ብላ ነው የምታከማች
ጉበቷ ላይ፤ ወራት ሙሉ፤ ደህና መስላ፣ ሳር እየጋጠች።
የዐይኗ ነጭ ቢጫ ሲሆን፣ ያኔ መሽቷል።
በቁንጥጫ!»

ስለዚህ ጥርን በሙሉ፣ በጎቹ እርጉዝ ሳሉ፣
በባትሪ መብራት ሚዛን ላይ ተደፍቶ፣
የሰላሳ ስምንት ፓውንዱን ከረጢት እየረገመ፣
በአውራ ጣቱና በመሃል ጣቱ ቆነጠረ።

ሚያዝያ ዞሮ መጣ።
አንዱ ተነሣ፣ ወደቀ። ሙረኽ ትንፋሹን ዋጠ።
ተነሣ፤ ቆመ፤ ያቺን ስንዝር ተራመደና
ጭራው እየተርገበገበ መጠጠ።

ማታ ባሕሩ ዳር፣ ውሃው ሸሽቶ የተወው
አንድ ሸርጣን ቦት ጫማውን ጨምድዶ ያዘው።
ሙረኽ አልረገጠውም።
አንድ እግሩን እየጎተተ እስከ ውሃው ወሰደው።
ውሃው ሲነካው ለቀቀ።

«ሌባ!» አለው፣ ከኋላው።