አምስት ቀን፣ አራት ሌሊት

አልጋችንን ግቢ አውጥተን ከኒሙ ዛፍ ሥር፣
በመብራት ቢል ጀርባ ላይ ዛንዚባርን ስንመትር፣
ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ግንቡ ገና አልበረደም፤
ከደንገጎ በኩል ነፋስ አንዲት እፍኝ አልወረደም።
ቀኑን ሙሉ የሰው ፍሪጅ ሳበርድ የዋልኩ ሰውዬ
ሌሊት በላቤ ዋኘሁ አንሶላዬን ጥዬ።

ሂንዲያ ስክሪብቶ ይዛለች፣ እኔ የስልኬን መብራት።
ፋርማሲው የፈቀደላት አምስት ቀን፣ አራት ሌሊት።
ዕቁባችን ጥር ላይ ነው፤ ገና ብሩ ሳይወጣ
ትኬት በላው፣ ሆቴል በላው፣ ለዓሣው ፍራንክ ታጣ።
«ጅቡቲ ብንሄድስ?» አልኩ፣ «ባቡሩ አለ፣ ቅርብ ባሕር።»
«ከድጡ ወደ ማጡ! ከኛ የባሰ የሚያከስል አገር።»

«እሺ፣ ሁለት ቀን ለአሮጌው ከተማ፤ በሮቹ የተጠረቡ፣
የናስ ጉጥ የተመቱ፣ ቅርንፉድ የሚሸት ግንቡ፤
ሰው ከሰው ትከሻ ለትከሻ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ፣
ሰገነት ላይ ሻይ ጠጥተን ዝም ብለን እንድንሄድ…»

«አቦ ተወኝ! ያደግሁት እኮ ጀጎል ውስጥ፣
አምስት በር ቆጥሬ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ስሮጥ፣
አህያ ስትመጣ ግንብ ላይ ተለጥፌ ስጠብቅ፤
ለጠባብ መንገድ ነው እንዴ ባሕር ተሻግሬ የምዘልቅ?
ለሱማ ሚኒባስ አለ፤ አንድ ሰዓት ነው ሐረር፤
አክስቴ ዘንድ ምሳ በልተን ማታ ቤታችን እንደር።»

ከተማውን ሰረዘችው። ከዚያ ራርታ ግማሽ ቀን መለሰችለት።
«ለበሮቹ» ብላ ሳቀች፤ «የቀረው የባሕር ነው፣ ቀንም ሌሊት።»

እኔም መቀለድ አማረኝ፤ አፌ አመለጠኝ ቀድሞ፦
«አሸዋማ ደቻቱም አለ፣ ከድልድዩ ሥር ተጋድሞ፤
የጎደለው ውሃ ብቻ—»

ዋጥኩት። ግን ወጥቶ ነበር።
ስክሪብቶዋ ቆመ። አንድ ባጃጅ አለፈ በደጅ በር።

ደቻቱ አንዴ፣ ነሐሴ ላይ፣ ውሃ አልጎደለውም።
ሌሊት መጣ፤ አላንኳኳም፤ ማን አለ ብሎ አልጠየቀም።
ታናሿን ኢክራምን ወሰደ፣ ከነፍራሿ፣ ከነደብተሯ፤
ጠዋት ጭቃው የመለሰው ጫማ ብቻ ነው፣ የግራ እግሯ።
ከዚያ ወዲህ ሂንዲያ፣ ደንገጎ ላይ ደመና ሲጠቁር፣
ሥራ ብትቀር ትቀራለች፣ ድልድዩን ሳትሻገር።

እኔ ይህን አውቃለሁ። አውቄም ነው አፌ የሄደው።

ብዙ ቆይታ፣ «የዚያኛው ውሃ» አለች ቀና ሳትል፣
«ጠዋት ይሄዳል ይሉኛል፣ ጀልባው አሸዋ ላይ ሲውል።
ሴቶቹ እስከ ሩቅ ገብተው የባሕር ሣር ይለቅማሉ፤
ሰዓቱን ጽፈው ሆቴሉ ደጅ ይለጥፉታል አሉ፣
እንደ ድሮው ባቡር ሰሌዳ። ሲመለስም ቀስ ብሎ ነው፤
ውሃ ሰዓት ሲያከብር፣ እሱን ነው ማየት የምፈልገው።
መጣሁ ብሎ ሲመጣ፣ ሄድኩ ብሎ ሲሄድ፤ ቁጭ ብዬ ልየው።»

ነፋስ የለም። ኒሙ አልተነቃነቀም።
ይቅርታ ልል ነበር፤ ቃሉ ግን አልመጣም።

«ትገቢበታለሽ ታዲያ?»

ስክሪብቶውን ነከሰች።
«እንጃ። አንድ እግሬን» አለችና ወረቀቱን ገለበጠች፤
«ቢሉ እስከ ዓርብ ነው፤ እንዳትረሳ» ብላ መብራቱን አጠፋች።