ብረት ያነሰው ሰው

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በምድር ባቡር ቤት፣
ብረት ስሞርድ ኖርኩ፣ ስቀጠቅጥበት።
ብናኙ ከሳንባ፣ ከጥፍሬ ሥር ገብቶ፣
የሸሚዜ እጣቢ ዝገት ቀለም አውጥቶ።

ትናንት ጤና ጣቢያ፣ ነጭ ለባሿ ልጅ
ወረቀቱን አይታ፣ ጠርታኝ ከበሩ ደጅ፣
"ጋሽ ተኮላ" አለች፣ "ከደምዎ ውስጥ ብረት
አንሷል።" ሳቄ መጣ። እኔ? የብረት ጎረቤት?

(አንቱ ትለኛለች፤ የደጋ ልጅ ነበረች፣
ድሬ ገና 'አንተ'ን ለአፏ አላስለመደች።)

"ጎመን ይብሉ፣ ጋሼ፤ ጠቆር ያለ ቅጠል፣
ለዓይን ነው፣ ለአጥንት ነው፣ ለማይደርቅ ቁስል።
በሎሚ ያርጥቡት፤ ብረቱን የሚያስገባው
ሎሚው ነው፤ ሻይ ግን በሩን የሚዘጋው።"

የቀረውን አልሰማሁም።
ትርንጎን ነበር የማየው።

የመጀመሪያ ደሞዜን የተቀበልኩ ማታ፣
ሥጋ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ሞቅ ብሎኝ በጨዋታ፣
"የጎመን ምንቸት ውጣ!" አልኩ፣ ገና ከበሩ መግቢያ፣
"ከእንግዲህ በዚህ ቤት ቅጠል የፍየል ነው፣ የአህያ!"

ትርንጎ አልተከራከረችም።
ምንቸቱን አወጣችው።
የት እንዳኖረችው ግን አልነገረችኝም።

የሌሊት ፈረቃ ስገባ፣ ለብቻዋ
ትቀቅል እንደነበር አውቃለሁ።
ጠዋት መጋረጃው ይሸታል፤ ዝም እላለሁ።
ዝም ትላለች።
እስከ መጨረሻዋ ድረስ ያለ መነጽር
ክሩን በመርፌ ዓይን ታሾልከው ነበር፣
እኔ አምፖል ሥር ቆሜ ስደናበር።

ዛሬ ማለዳ ከፊራ ወረድኩ፤ የደንገጎን ቁልቁለት
የጨረሰው አይሱዙ ጎመኑን ሲያራግፍ፣
ጤዛው ገና ሳይረግፍ።
"ስንት እስር?" አለችኝ መፍቱሃ፣ የአዴሌዋ።
"እንጃ። ጎመን ገዝቼ አላውቅም።"
ከላይ እስከ ታች አየችኝ።
ሦስት ሸጠችኝ፣ አንድ መረቀችኝ።
"አንተ ሽማግሌ፣ እሳት ላይ አታሰቃየው፤
አረንጓዴው ሳይሞት አውጣው።"

የባቡር ሐዲድ የቆረጠ እጅ
ቅጠል ለመክተፍ እንዲህ ይንቀጠቀጣል?
አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ክር፤
የመጋዝ ልማድ አይለቅም።

ድስት ፍለጋ ኩሽናውን ሳምስ፣
ከጥጉ፣ ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ፣
ሸረሪት አድርታበት፣ ጥላሸቱ ሳይለቅ፣
አፉን በጨርቅ ሸፍናው፣ ቁጭ ብሏል።

በሁለት እጄ አነሳሁት።
ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣
"በል" አልኩት፣ "የጎመን ምንቸት፣ ግባ።"