አቤት

ሐምሌ ነው፣ ጠዋት ነው፣ ሁለት ተኩል ግድም፣
ከፒያሳው ጫፍ ላይ ሰው ሰውን ሲቀድም፣
ለገሃር በሚለው ሚኒባስ ገባሁኝ፣
ጃንጥላዬን አጥፌ ኋላ ተቀመጥኩኝ።
ከጎኔ አንድ ሰው አለ፣ ኮቱ የተተኮሰ፤
ነጭ በትሩን አጥፎ ዝናቡን አበሰ።

ቸርችል ቁልቁለቱን ስንጀምረው ገና፣
አንዲት ነጭ ቪትዝ ከፊት ገባችና፣
ሸምሱ ፍሬን ረገጠ፤ ሁላችን ወደፊት፣
ግንባር ከወንበሩ፣ ቦርሳ ከሰው ፊት።
ከዚያም በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ፣
«አንተ ዕውር!» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ከኋላ ወንበር ላይ፣
ስም ሲጠራ እንደሚመልስ ተማሪ፣
ረጋ ባለ ድምፅ፣
«አቤት!» አለ ሰውዬው።

ዝም።
የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ።

«አንተን አይደለም ጋሼ» አለ ረዳቱ፣
ሳቁ እያመለጠው።
«አውቃለሁ» አለ እሱ፤ «መሪ ጨብጬ አላውቅ፤
ግን በኔ ስም ሲሰደብ ሌላ ሰው ለማድቀቅ፣
ቢያንስ አቤት ልበል፣ ጥፋቴን ልጠይቅ።»

ያኔ ሚኒባሱ ሸንጎ ሆኖ አረፈው።
ፊት ያሉት አዛውንት ጉሮሮ ጠረጉና፣
«ያባቶች ተረት ነው፣ ክፋት የለውምና፣
ቆማጣን ቆማጣ…» ብለው ጀመሩና፣
ካፋቸው ሲወጣ ለራሳቸው ሰሙት፤
ግማሹን ተረት እዚያው ዝናብ ላይ ተዉት።
ጋቢና ያለችው፣ ባጅ ያንጠለጠለች፣
«ሥልጠና ወስጃለሁ፤ አይባልም» አለች፤
«ማየት የተሳነው፤ እንደዚህ ነው ደንቡ።»
«ይሁን» አለ ሸምሱ፤ ነዳ በዝናቡ።

ፖስታ ቤት ጋ ስንደርስ አንድ ላዳ መጥታ፣
ጎናችንን ልትልጥ፣ መስመሯን ስታ፤
ሸምሱ በመስኮቱ፣ በዚያው በቁጣ ድምፁ፣
«አንተ ማየት የተሳነህ!»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ።
ከሁሉ አብልጦ የሳቀው አቶ እንግዳወርቅ ነው
(ስሙን ኋላ ነው የነገረን)።
«አየሽ እህቴ» አላት፣ ፊቱን ወደ ድምጿ መልሶ፣
«እጅጌውን ቀየርሽው፤ ጡጫው ግን ያው ጡጫ።»

«ታዲያ ምን ልበለው?» ሸምሱ የምሩን ነው፣
«ሊገድለን ነበር እኮ፤ ዝም ልበል?»
«ዝም አትበል። ያጠፋውን ንገረው።
መስመር ከሳተ፣ መስመር ስተሃል በለው።
ፍሬቻ ካላበራ፣ ፍሬቻ በለው።
ዓይኑማ ጤነኛ ነው፤
አይቶህ ነው የገባው።»

እኔ መስኮት መስኮት።
ትርሲት የምትባል እህት አለችኝ፣
በእጆቿ የምታወራ።
ስሜን ስትጠራ ቅንድቧን ትነካለች፤
ቅንድቤ ላይ ያለው ጠባሳ ነው ስሜ።
ትናንት ማታ፣ እራት ላይ፣ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ፣
ስልኬን «ደንቆሮ!» አልኩት።
አትሰማም ብዬ።
አልሰማችም እኮ።
ከንፈሬን አየች።
ማንኪያዋን አስቀምጣ ጣቷን ደረቷ ላይ፦ እኔን?
ስልኩን አነሣሁላት፤ ይሄን ነው፣ አንቺን አይደለም።
ልክ እንደ ረዳቱ።

«ብሔራዊ! ወራጅ አለ!»
በትሩ ተዘረጋ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።
ረዳቱ ክንዱን ሊይዝ እጁን ሰደደና መለሰው።
«ልያዝዎት?»
ከአንተ ወደ እርስዎ የተሻገረው እዚህች ላይ ነው።
«ጉድጓዱን ብቻ ንገረኝ።»
«በግራ። አንድ እርምጃ።»
ኮቱ በጃንጥላዎች መሐል ገብቶ ጠፋ።

ለገሃር ልንደርስ ስንል፣ ሌላ ቪትዝ።
ሸምሱ አንገቱን አወጣ፣ አፉን ከፈተ፣
«አንተ…»
ቃሉ ጉሮሮው ላይ መንገድ ተዘጋበት።
«አንተ… አንተ ፍሬቻ!»
ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሳቀ።

እኔም ወረድኩ። ዝናቡ አላባራም።
እጄን ከኪሴ አውጥቼ ትንሽ አየሁት፤
ሃያ ዓመት ባንድ ቤት ከትርሲት ጋር ኖሬ፣
«ጨው አቀብዪኝ»ን፣ «በሩን ዝጊ»ን ተምሬ፣
«ይቅርታ» በእጅ እንዴት እንደሚባል
አላውቅም እስከ ዛሬ።