የአንጓዬ ቋጠሮ

ሙሐረቅ ገበያ፣ ከወርቅ ቤቱ ጀርባ፣
ቀን ካውያ ስገፋ፣ ስወጣ ስገባ፣
በቀኝ እጄ አንጓ ላይ፣ ከሰዓቴ ማሰሪያ አለፍ ብሎ፣
አንድ ነገር በቀለ፣ ሽምብራ አህሎ።

አርብ ሳርፍ ይከሳል፤ ቅዳሜ ይፋፋል፤
የሰው ቶብ በበዛ ቁጥር እሱም ይሰፋል።
አያምም እንዳልል፣ ቁልፍ ሳዞር ይነክሳል፤
ያማል እንዳልል ደግሞ፣ ሲዳስሱት ይለሰልሳል።

መካሪ ሞላ።
ዘርፌ የወረኢሉዋ «ሳንቲም እሰሪበት» አለች፣
ሮዌና ከጎኔ ዘይት ይዛ መጣች።
ሻፊቁል ደግሞ፣ ቆሻሻ ልብስ የሚለየው፣
«ባገራችን» አለ፣ «መድኃኒቱ ትልቅ መጽሐፍ ነው፤
እጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ዐይን ጭፍን፤
አንዴ ድው! ብትን።»

መጽሐፍ ፈለግን። እዚያ ቤት ያለው ከባድ ጥራዝ
የባለቤቱ መዝገብ ነው፤ የተቃጠለ ሸሚዝ፣
የጠፋ አዝራር፣ የተቆረጠ ደሞዜ የሰፈረበት።
ሻፊቁል አነሳው፤ አየኝ፤ አየሁት።
«ተወው» አልኩ፣ «በእሱስ ስንት ጊዜ ተመትቻለሁ።»

ሐኪሙ የኬረላ ሰው፣ ዶክተር ሻጂ፣ መብራት አጥፍቶ
ትንሽ ባትሪ ከጎኑ ደቀነ፤
እብጠቴ እንደ ጀልባ ፋኖስ
ከቆዳዬ ሥር ብርሃን ሆነ።
«ውሃ ነው» አለኝ፣ «ከመገጣጠሚያው የሾለከ።
ካንሰር አይደለም፤ አትፍሪ።
መተው ይቻላል፤ ብዙው እንደመጣ ይሄዳል፣
ዓመት ይፈጃል፣ ሁለትም ይፈጃል።
በመርፌ ብመጠው ደቂቃ ነው፤ ከረጢቱ ግን ይቀራል፣
እንደ ኪራይ ቤት ነው፣ ሌላ ውሃ ይከራየዋል።
ቁረጠው ካልሽኝ ከነሥሩ ይወጣል፤ ጠባሳ አለው፣
እጅሽ ለሳምንታት ይደነድናል፤ ከዚያም የሚመለስ አለው።
ለጊዜው ይህን ድጋፍ እሰሪና
እጅሽን አሳርፊው።»

አሳርፊው!
ከሁሉ ርካሹን መድኃኒት ሰጠኝ፤
ከሁሉ ውዱ እሱ ሆነብኝ።
ውሌ ላይ ሰዓት አለ፣ ቅጣት አለ፣ የቲኬት ነገር አለ፤
«አሳርፊው» የሚል ቃል የት አለ?

በመርፌው ተስማማሁ። አሥራ ሁለት ዲናር ከዘርፌ ተበደርኩ።
«የወጣውን አሳየኝ» ብዬ ለመንኩ፤
ጥርት ያለ፣ ወፍራም፣ እንደ እንቁላል ውሃ፣
የስድስት ወር ጭንቄ ማንኪያ አይሞላም።

ቶቡን ሊወስድ የመጣ ሽማግሌ፣ አቡ ራሺድ፣ ፋሻዬን አይቶ
«አያቴ ጠላቂ ነበር» አለ፣ ወደ ባሕሩ እየጠቆመ፣
«ዛጎሏም የሚቆረቁራትን አልብሳ አልብሳ
ሉል ታደርገዋለች።»
ደስ ይላል ወሬው። ግን ሉሉን የሸጠ
ዛጎሏ አልነበረች፤ ጠላቂውም አልነበረ።

በሁለት ወሩ ተመለሰ፣ ምስር አህሎ፣ አፍሮ፣
እኔ ብር ስቋጥር እሱ ውሃ ቋጥሮ።
አልመታውም፤ አላስወጋውም። ማታ ማታ
ድጋፉን አስሬ እጄን ደረቴ ላይ አስተኛለሁ።
ሰባት ወር ይቀራል። ሁለታችንም ውል አለን፤
እናያለን፣
የማናችን ውል ቀድሞ እንደሚፈታ።